የአባባ ጠመንጃ ሰደፍ ቅቤ እንዳይነካው

ከባድ ዜና ነውና የቆማችሁ ተቀመጡ። እኔ ይበልጣል ወልደ ሚካኤል፣ የአሰላ ነዋሪ፣ ከዘጠነኛ ክፍል በገዛ ፈቃዴ የተሰናበትሁ፣ የመጨረሻ ሰዓቴ መቃረቡን ስለተረዳሁ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ (እህቴ ሮሐ «መቼ ነበረና?» ብላለች፤ ይጻፍ) ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በአባቴ፣ በሮሐና በጎረቤታችን በባጃጅ ነጂው በከዲሮ ፊት ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የምትጽፈው ሮሐ ናት፤ እጄ አልታዘዝ ብሏል።

ጃኬቴ ለከዲሮ ይሁን። ምክንያቱም ድሮም አልመለሰልኝም።

ወደ ዋናው ልምጣ። አባባ፣ ጠመንጃዎን ይወዳሉ፤ ፍቅርዎ ግን ቅቤ በዛበት። ሰደፉን ቅቤ ሲቀቡት አይጥ የቅቤው ሽታ ስቦት መጥቶ ጫፉን ቆረጣጠመው። ሰው ጠመንጃውን ሌባ እንዳይወስድበት ይፈራል፤ እኛ አይጥ ቁርስ እንዳያደርገው!

የተበላውን ሞርጄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ የተልባ ዘይት እያሸሁና እያደረቅሁ ደጋግሜ ቀብቼዋለሁ። የቀረው አንድ ስስ ቅብ ነው። እርስዎ ግን ቅዳሜ ወንድምዎ ከሁሩታ ሲመጡ እንዲያብረቀርቅ፣ ዛሬውኑ ቅቤ ሊቀቡት ዝተዋል። ቅቤ ከነካው ልፋቴ ሁሉ ለአይጥ ድግስ ነው።

ስለዚህ ዘይቱንና ጨርቁን ለእርስዎ አውርሻለሁ። ጨርቁ ሲያበቃ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ተከትላችሁኝ እንዳትመጡ። ያማከርሁት አናጢ «ሁሉንም ፍቀህ ቫርኒሽ ቀባው» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልሁ። በግራ በኩል ጉንጭዎ እያረፈበት የጠቆረ ቦታ አለ፤ የብርጭቆ ወረቀቱን እዚያ አላስነካሁም።

አባባ «ምን ያህል ነው የሚቀባው?» አሉ።

«ጠብታ። በመዳፍ እስኪሞቅ ታሽቶ ትርፉ ይጠረጋል። ከበዛ ይጣበቃል።»

«ቅዳሜ ያብረቀርቃል?»

«እንደ ቅቤ አያብረቀርቅም። አይጥ ግን ዞር ብሎ አያየውም።»

«ሮሐ፣ ቅቤውን ጓዳ መልሺው» አሉና ጨርቁን ተቀበሉኝ።

ምስክሮች፦ ሮሐ ወልደ ሚካኤል (ፊርማ)፣ ከዲሮ ሁሴኖ (ፊርማ)።
ተናዛዥ፦ ይበልጣል፣ በግራ እጁ የፈረመ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ አባባ ቀኝ እጄን ይዘው፣ ከሰደፉ አውራ ጣቴ ውስጥ የገባውን ስንጥር በመርፌ አወጡት። ብርሃን ላይ አድርገው አዩት።

«ለዚህች ነው የሞትኸው?»

«ደህና ሆኜ ብነግርዎ መቼ ይሰሙኝ ነበር፣ አባባ?»

ነገሩ ይኸው ነበር፤ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ስንጥር።