ከሚሴ በምርኩዝ ይኖርበታል ወይ ላልከኝ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 1976 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ረጀብ፣

«ውድ» ያልኩህ መሠረተ ትምህርት ላይ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለው ስላስተማሩን ነው። ሌላ ትርጉም አትፈልግለት። ድሮ «አያ ረጀብ» ነበር የምልህ። ዛሬ በስምህ ብቻ እጠራሃለሁ። ቅር ካለህ እዚህ ላይ አጥፈህ መጣል ትችላለህ፤ ግን አትጥለውም፤ የጠየቅከው መልስ ከታች አለ።

ሾፌሩ ዩሱፍ መልእክትህን አድርሷል። ሞተሩን ሳያጠፋ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ፣ «ዓዲላ፣ ረጀብ ሰላም ብሎሻል። ጦር ሜዳ ቆስሎ ሆስፒታል ነው ያለው። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆርጠውታል» አለኝ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። አጠገብህ የተኙት የአገራችን ልጆች «የከሚሴን መንገድ የምታውቅ ዓዲላ የምትባል ሴት አለች፣ እሷን አስጠይቅ» እንዳሉህ ነገረኝ። «ከሚሴ በምርኩዝ ይኖርበታል ወይ? ቤቴስ መግባት እችላለሁ ወይ? ብለህ ጠይቅልኝ ብሏል» አለ።

ሳቅሁ። አብራኝ የምትኖረው ኡምኩልሱም ክንዴን ቆንጥጣ «አስተግፊሩላህ በይ!» ብትለኝም ሳቄ አልቆመም። ሲያበቃም አላለቀስኩልህም። ይህንንም እወቀው።

ልምሻ እግሮቼን የወሰደብኝ ገና ዳዴ ስል ነው። ጨፋ ሮቢት ሳለን አባባ፣ አላህ ይርሀመው፣ ከወይራ ምርኩዝ ይቀርጽልኝ ነበር። ባደግሁ ቁጥር ሌላ ይሠራል። እሱ ሲሞት አንተ ከሚሴ ሥራ ይዘህ፣ መሪየምን አግብተህ ነበርና «ደሴ ወስጄ አሳክማታለሁ» ብለህ ከእማ ተቀበልከኝ። ደሴን እስከ ዛሬ አላየኋትም። ምርኩዙ አጠረኝ፤ ቆይቶም ተሰበረ። አንተ ዛሬ ነገ ስትል እኔ በመዳፌና በመቀመጫዬ ጓሮህ ውስጥ ስድህ ኖርኩ። ልጆችህን አሳደግሁ፣ ጥጥ ፈተልኩ፣ እህል ለቀምኩ። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ነገር የማውቀው አንተ ስትነግረኝ ብቻ ነበር።

እጠይቅህም ነበር። ከሥራ ስትገባ ጫማህን እያወለቅሁ «አያ፣ ገበያው እንደኔ ላለ ሰው ይሆናል?» እልሃለሁ።

«ቦይ ነው፤ ትገቢበታለሽ።»

«መስጊዱስ?»

«ደረጃ ነው።»

«ጤና ጣቢያውስ?»

«እሱማ የባሰ ደረጃ ነው።»

ሐምሌ 71 ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሁሉ ይምጣ ተብሎ ሲለፈፍ «እኔም ልሂድ» አልኩህ። ደስታዬን አይተሃል። እጄን ይዘህ በለሰለሰ ድምፅ ነበር የመለስክልኝ። «ትምህርቱ የሚሰጥበት ቤት ኮረብታ ላይ ነው። በሩ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ደረጃ አለው። ወድቀሽ ትሞቻለሽ፣ እህቴ» አልከኝ። ያኔ የቀበሌ ኮሚቴ ነበርክና እዚያ ደግሞ «በሽተኛ ናት» ብለህ አስቀረኸኝ። አመንኩህ። እኔን ብሎ ነው፣ ሄዶ አይቶልኝ ነው ብዬ አመሰገንኩህ። ያ ምስጋናዬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን ሁሉ ብተውልህ እንኳ የእማን ነገር አልተውልህም።

በ72 ነሐሴ እማ መታመሟን የነገርከኝ አንተ ነህ። ውሰደኝ አልኩህ።

«ቦርከና ሞልቶ መንገዱን ወስዶታል። ከአስፋልቱ እስከ እማ ቤት ገደል ሆኗል። እኔ ራሴ በገመድ ነው የተሻገርኩት» አልከኝ።

«ሰው ይሸከመኝ።»

«ማን ይሸከምሽ? ወንዱ ሁሉ ማሳ ላይ ነው።»

እግርህን ይዤ «ማሎ፣ አያ፣ ማሎ» እያልኩ ለመንኩህ። ያ አሁን የተቆረጠው ይሁን የቀረው፣ የትኛው እግርህ እንደነበር አላስታውስም። «ኢንሻአላህ ውኃው ሲጎድል» አልከኝ። ውኃው ሳይጎድል እማ ሞተች። የሚጎድል ውኃም አልነበረም።

ይህን ያወቅሁት ኅዳር ላይ ነው። መሪየም ገበያ ወጥታ፣ እኔ ደጅ ተቀምጬ ማሽላ ሳበጥር፣ አንዲት ሴት ሰሌን አዝላ፣ በአንድ ምርኩዝ ተደግፋ ከበሩ ላይ ቆመች። አንድ እግሯ እንደኔው የከሳ ነው። «አካም ጅርታ» ብላ ሰላም አለችኝና «ማሎ፣ ውኃ አጠጪኝ» አለች። ውኃውን እየሰጠኋት ከየት እንደመጣች ጠየቅኋት።

«ከጨፋ ሮቢት።»

«ገደሉን እንዴት ተሻገርሽው?»

«የምን ገደል?»

«ቦርከና የወሰደውን መንገድ ነዋ።»

ጣሳውን ከአፏ አነሳች። «ኧረ አንቺ ልጅ! ጨፋ እኮ ሜዳ ነው። የአህያ ጋሪ የሚመላለስበትን መንገድ ማን ወሰደው? አምናም ዘንድሮም እንዳለ ነው።» ከዚያ እግሬን አየች፣ ፊቴን አየች። «ቆይ… አንቺ የመድና ልጅ ነሽ? ዓዲላ ነሽ?» አለችኝ፣ የእማንንም የእኔንም ስም ጠርታ።

ኡምኩልሱም ማለት ይህች ናት። እኔ ከሄድኩ በኋላ ከእማ ጎረቤት ቤት ይዛ ኖሯል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ውኃ ስታቀምሳት የነበረችው እሷ ናት። «በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ‘ዓዲላ ናት?’ ትል ነበር» አለችኝ። «ወንድምሽ ሲመጣ ‘ጠይቄያት ነበር፣ አልችልም አለች’ አላት። ከዚያ ወዲያ ስምሽን አላነሳችም።»

አልችልም አለች። ይህን ከእኔ አፍ የወጣ አስመስለህ እየሞተች ላለች እናቴ ነገርካት። እማ ይህን ይዛ ነው የሄደችው፣ ረጀብ። አሁን ማን ሄዶ ያስተባብልልኝ?

ኡምኩልሱም ለምታውቀው አናጺ ነግራ ሁለት ምርኩዝ አሠራችልኝ። መጀመሪያ የወሰደችኝ መሠረተ ትምህርት ቤቱ ነው። ኮረብታ ያልከው ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል ያልከው ደረጃ አንድ ደፍ ነው፤ ስንዝር አይሞላም። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ሌላ ቀን ዩሱፍ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ ጨፋ ሮቢት አደረሰን። ከአስፋልቱ እስከ እማ ቤት፣ ከቤቷም እስከ መቃብሯ፣ ማንም ሳይደግፈኝ በማሽላው መሀል ሄድኩ።

የዚያን ዕለት ስትመጣ በረንዳው ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ። ምርኩዜ ከተሰበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ አየኸኝ። መጀመሪያ ያልከው ግን «በማን ፈቃድ ወጣሽ?» ነው።

«ደረጃው የታለ?» አልኩህ። «ገደሉስ?»

«ማነው እንዲህ ያስነሳብኝ?»

«ሄጄ አየሁት።»

ወደ አጥሩ ዞረህ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅህን ዝቅ አደረግክ። «ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው ሲስቅብሽ ማየት አልችልም።»

«እማም ልትስቅብኝ ነበር?»

መሪየምን የውዱእ ውኃ አምጪ ብለህ ገባህ።

ምክንያቱን የነገረችኝ መሪየም ናት፤ እያለቀሰች። ለአማቾችህ «አንዲት እህት አለችኝ፣ አሰብ ተድራለች» ብለሃቸው ኖሯል። እነሱ እዚህ ሲመጡ እኔን የእህል ጎተራው ክፍል የምትከተኝ ለዚህ ነበር። «እንግዶቹ የሳንባ በሽታ አለባቸው፣ እንዳይዝሽ» ትለኝ ነበር። እማን ለመጠየቅ፣ ብትሞትም ለለቅሶዋ ደግሞ ሁሉም ሊመጡ ነው። የአሰቧ እህት በመዳፏ እየዳኸች ብትገባ ምን ትላቸዋለህ? መንገዱን ጎርፍ እንዲወስደው አደረግክ።

ወጥቼ ከኡምኩልሱም ጋር አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራየን። ሰሌን እንሠራለን። በዚያው ዓመት ፊደል ቆጠርኩ፤ ይህንን ደብዳቤ የሚጽፈው የራሴ እጅ ነው። ከአጥር ውጭ ያለውን ሁሉ ራሴ ካላየሁ ማንንም አላምን ስላልኩ ከተማውን በየአቅጣጫው ዞርነው። የትኛው በር ደረጃ እንዳለው፣ የትኛው ጓሮ በር እንዳለው፣ የትኛው ዘበኛ እንደሚያስገባና የትኛው እንደሚቆጣ አወቅን። ሰውም መጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሽባ ልጇን ያዘለች ሴት መጣች፤ ከዚያ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፤ አሁን ደግሞ ከጦርነት የሚመለሱት። ያየነውን እንናገራለን፣ ያላየነውን አላየነውም እንላለን። የሚያስቸግረውንም አንደብቅም። ደረጃ መኖሩን የሰማ ሰው የሚያነሳው ሰው ይዞ ይመጣል። የተዋሸ ሰው ግን ቤቱ ይቀመጣል። እኔ ተቀምጬ አውቀዋለሁ።

መልእክትህ ሲደርሰኝ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? «ከሚሴ ለአንተ አይሆንም፣ ሁሉም ገደል ነው፣ እዚያው ቅር» ብዬ ልልክብህ ነበር። ታምነኝም ነበር። ሌላ የምትጠይቀው የለህም። ቃላቱን በልቤ እየደጋገምኩ፣ እያሳመርኩ ሰነበትኩ። እንዲህ ዓይነት ደስታ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከባቲ በኩል የመጣች እናት ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ልጇን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ጤና ጣቢያው በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀችኝ። በዋናው በር ደረጃ ስላለ በጓሮ ዙሪ አልኳት። አላጣራችም፣ ሌላ ሰው አልጠየቀችም፤ ልጇን አዝላ ባልኳት በኩል ሄደች። ጀርባዋን እያየሁ ደነገጥኩ። ለአንተ አንዴ ከዋሸሁ ነገ ለዚህች ሴት የምነግራት ምን ያህል ይታመናል? ለራሴስ? እንግዲህ የተረፍከው በእሷ ነው። በእኔ ርኅራኄ መስሎህ እንዳትሞኝ።

መልሱ ይኸውና። ከሚሴ በምርኩዝ ይኖርበታል። ክረምት ግን አይደለም፤ ጥቁሩ አፈር ምርኩዝ ይውጣል። ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ሰፋ ያለ ነገር አስመታበት፣ በደረቅም አያንሸራትትህም። ከአውቶቡስ ስትመጣ መቆሚያው ላይ አትውረድ፤ ከአስፋልቱ ቀጥሎ ቦይ አለ፣ ስለ ቦዩ ያኔ እውነትህን ነበር። ሾፌሩን ወፍጮ ቤቱ ጋ አውርደኝ በለው፤ እዚያ ቦዩ በሰፊ ድንጋይ ተሸፍኗል፣ ወደ ገበያው ደረቅ መሬት ይወስድሃል። መስጊዱን በውዱእ ማድረጊያው በኩል ግባ፤ መሬቱ እርጥብ ነውና ግድግዳውን ይዘህ። የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ድንጋዩ ክፉ ነው፤ ሰልፍ አትያዝ፣ በጎን ያለችውን መስኮት አንኳኳ፤ ዓመት ሙሉ ተጣልተን በመስኮቷ እንዲሰጡን አድርገናል።

ቤትህ መግባት አትችልም። በረንዳውን ስታሠራ «ከፍ አድርገው» ብለህ ግንበኛውን ያዘዝከው አንተ ነህ፤ እኔ በመዳፌ ስወጣውና ስወርደው የኖርኩት ደረጃ ነው። በአንድ እግርና በምርኩዝ ትወድቃለህ። ለመሪየም ነግሬያታለሁ። ወንድሞቿ ድንጋዩን አንስተው በጋሪ አፈር አስመጥተው እስኪደለድሉት ድረስ እዚያው ሆስፒታል ቆይ። ሥራው ሲያልቅ ራሴ ሄጄ እረግጠዋለሁ፤ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ በዩሱፍ እልክብሃለሁ፤ መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው እላለሁ። ይህን ያህል ከእኔ ታገኛለህ።

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብለህ ግን ደጄ እንዳትቆም። እኔ አውፍ ብልህ እንኳ እማ እውነቱን አልሰማችም። መንገድ ለመጠየቅ ከመጣህ አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ነኝ፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ጠይቀህ፣ መልስህን ይዘህ ትሄዳለህ። «እህቴ» ብለህ ልትጠራኝ ካሰብክ ደግሞ አማቾችህ በተሰበሰቡበት፣ ጮክ ብለህ ጥራኝ። በሹክሹክታ ከሆነ አልሰማህም።

ዓዲላ፣ የመድና ልጅ