የቀዳዳዎቹ ባለቤት እስኪታወቅ

ለክቡር ጓድ የመለዋወጫ ዕቃዎች ማሸጊያ ክፍል ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

(ሰፊው ሕዝብ እንዲያነበው በገበሬ ማኅበራችን አዳራሽ በር ላይ የተለጠፈ)

ክቡር ጓድ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉልበትዎን አልያዘዎትም? ቢሮዎ ይሞቃል? የማኅተምዎ ቀለምስ አልደረቀም? እኛ ከጎረቤላ በላይ የምንኖር የአንኮበር ሴቶች፣ ከወፍጯችን ዝምታና ከወገባችን ሕመም በቀር፣ እርስዎን ከመሰለ አሳቢ ሰው ጋር በአንድ ዘመን ስላኖረን ፈጣሪን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ታሪክን፣ እያመሰገንን ደኅና ነን።

እኔ ወለተ ሥላሴ እባላለሁ፤ የሴቶች ማኅበራችን የወፍጮ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ ቄሱ አባቴ ቢሆኑም ምስክር ወረቀቱን የሰጣችሁኝ እናንተ ስለሆናችሁ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የበቃሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነው ብለው ሪፖርት ሊያደርጉ ይችላሉ። ዱሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል ብላችሁ በየስብሰባው ስላስረዳችሁን፣ እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ አምኜ ብዕር አነሣሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የወፍጯችን ሞተር የመጣው ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር፣ ወፍጮው ራሱ ደግሞ ከሌላ ወንድም ሶሻሊስት አገር ሲሆን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚገናኙት በአንዲት መጋጠሚያ ብረት ብቻ ነው። ይህች ብረት በጥቅምት ተሰበረች። የጎረቤላው ብረት ሠሪ ረሺድ አዲስ እሠራለሁ አለ፤ ነገር ግን ብረት እንዳይባክን የቀዳዳዎቹን ቦታ የሚያሳየውን ሥዕል ልይ ብሎ፣ የመለዋወጫችንን ሳጥን ለመቀበል እናንተ ዘንድ ወጣ። ሥዕሉ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ አይናገርም፤ ወፍጮ እንዴት እንደሚፈጭም አይናገርም፤ ይህ ቀዳዳ ከዚያ ቀዳዳ ጋር ይገናኝ ከማለት በቀር አፍ የለውም።

ጥፋቱ የእኛው የረሺድ ነው። ሐራም የሚፈራ፣ የሰው ነገር ሳያስፈቅድ የማይነካ ሰው ስለሆነ፣ ሥዕሉን ጠረጴዛዎ ላይ ባየ ጊዜ እንደ ማንኛውም ብልጥ ዝም ብሎ በመገልበጥ ፈንታ «ልገልብጠው ይፈቀድልኛል?» ብሎ ጠየቀ። አዬ ረሺድ! ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ ከፊት ከኋላው ተገለባብጦ የታየው። በሳጥኑ ያሉት ሌሎች ወረቀቶች ሁሉ «ለሕዝብ ጥቅም ማባዛት ይፈቀዳል» የሚል ቀይ ማኅተም ነበረባቸው፤ ይህኛው ግን ይፈቀዳልም አይፈቀድምም አይልም። ስለዚህ ሥዕሉ ከሳጥኑ ወጥቶ ቁምሣጥን ውስጥ ተቆለፈበትና ሳጥኑ ያለ እሱ ታሽጎ መጣልን። እሽጉ እንዴት ያምር ነበር!

በዚህ ጉዳይ ያለንን ምስጋና በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ እናመሰግናለን። የባላባቱን መሬት በአንድ አዋጅ ያስረከበን አብዮት፣ ትርፍ ቤቱን ሁሉ በአንድ ሌሊት የሕዝብ ያደረገው አብዮት፣ ወረቀት ላይ ከተሳሉ ቀዳዳዎች ፊት ደርሶ «ባለቤታቸው ማን ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ ማየት ልብ የሚነካ ነው። ቀዳዳ ማለት እኔ እስከማውቀው ብረት የሌለበት ቦታ ነው። የሌለ ነገር ባለቤት እንዳለው አስተምረውናልና ንቃታችን ከፍ ብሏል።

፪ኛ፤ ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን። ለሞተሩ አገር ጽፈው «ሥዕሉ የወፍጮው አገር ነው» የሚል መልስ አግኝተዋል፤ ለወፍጮው አገር ጽፈው «የሞተሩ አገር ነው» ተብለዋል። አሁን ሁለቱ ተነጋግረው እስኪስማሙ እንድንታገሥ መክረውናል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት በዚህ ነገር ላይ ማንም እንዳይጠቅሰው ኮሚቴያችን በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ወረቀቱ እንዳይቀየም ብለን ነው።

፫ኛ፤ ኋላቀርነታችንን ስላጋለጡልን እናመሰግናለን። በእኛ አገር ቀንበር የሚያሠራ ሰው ጎረቤቱ ቤት ገብቶ የቀንበሩን ልክ በገመድ ወስዶ ይወጣል፤ ከቻለ ጠላ ይጠጣበታል እንጂ ፈቃድ አይጠየቅም። እሳትና ልክ አይከለከልም እየተባልን ነው ያደግነው፤ ከተጣላነው ሰው ቤት እንኳ ልክ እንወስዳለን። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ስንሰራረቅ ኖረናል! የሞቱት አያቶቻችን ጥፋታቸውን የሚያምኑበት ስብሰባ መቼ እንደሚጠራ ቢያስታውቁን።

፬ኛ፤ ስለ መጨረሻው መመሪያዎ ግን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ረሺድ እሺ፣ ሥዕሉ ይቅር፣ ልኩን ከራሳችን ሞተርና ወፍጮ ላይ ልውሰድ ቢል፣ ሥዕሉን አንዴ አይቶታልና ዓይኑ ያየውን እጁ ይገለብጣል ብለው ከለከሉ። «ልኩን የሚወስደው ሥዕሉን ያላየና ወደፊትም የማያይ ሰው ይሁን፤ ይህም በኮሚቴ ይረጋገጥ፤ አለበለዚያ የናፍጣ ኮታችሁ ይቋረጣል» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶናል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ያልሳቅሁበትን ልንገርዎ፤ ለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም። ወፍጯችን ከቆመ ወዲህ እህላችንን ተሸክመን ገደሉን እየወረድን፣ አልዩ አምባ፣ የያሕያ ወፍጮ ድረስ እንሄዳለን፤ ዱቄቱን ተሸክመን ደግሞ ያንኑ ገደል እንወጣለን። የልጄ የወልደአረጋይ ሚስት አመተ ማርያም፣ ባሏ በሰኔ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እወርዳለሁ ብያት ነበር፤ ጉልበቴ ከዳኝና ተኛሁ። እሷ እቤት ዱቄት እንደሌለ አይታ፣ ሳትነግረኝ፣ ገብሱን አዝላ ወረደች። ምጡ መንገድ ላይ ያዛት። የያሕያ ሚስት ኩብራ ሰምታ ሮጣ ባትደርስላት፣ አላህ ይስጣትና፣ በቃሬዛ አስይዛ እቤቷ ባታስገባት ኖሮ፣ ይህ ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር። ብዙ ደም ፈሷታል። ዛሬም ኩብራ ቤት ተኝታ፣ በሰው አገር አጥሚት ይሰጧታል፤ ገደሉን የምትወጣበት አቅም የላትም። ክቡር ጓድ፣ ያን ቀን በስምዎ ጠርቼ ረግሜዎታለሁ። የቄስ ልጅ መርገም አይገባትም፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ። መርገሙን ግን አላነሣሁትም።

ከዚያ ወዲያ ነው መመሪያዎን ቁጭ ብዬ እንደ ዳዊት የደገምኩት። ሥዕሉን ያላየ፣ ወደፊትም የማያይ! ያለ ነገር አልተጻፈም ብዬ ቅኔ አስተማሪያችንን መሪጌታ ዘርአ ዳዊትን ጠራኋቸው። እሳቸው በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን የወሰደባቸው ሰው ናቸው። ሞተሩንና ወፍጮውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ በክር ላይ ቋጠሮ እያሰሩ ልኩን ወሰዱ። ረሺድም ክሩን ዘርግቶ፣ ቋጠሮው ያለበትን በሳ፤ በዓይኑ ያየውን ሁሉ እንደረሳ ለኮሚቴው ምሏል። ወፍጯችን ቅዳሜ ዕለት ተነሣ። መሪጌታ ሥዕሉን አለማየታቸውን፣ ወደፊትም የማየት ዕቅድ እንደሌላቸው የሚያረጋግጥ ቃለ ጉባኤ ከዚህ ጋር አያይዘናል፤ ከተጠራጠሩ ሥዕሉን ከቁምሣጥኑ አውጥተው ያሳዩዋቸውና ይፈትኗቸው።

እንግዲህ ክቡር ጓድ፣ ቁምሣጥንዎን ምስጥ አይብላው፤ ቁልፍዎ አይጥፋ፤ ማኅተምዎ ከእጅዎ አይለይ፤ ሁለቱ ወንድም አገሮች እስኪስማሙ ድረስ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። የወገብ ሕመማቸውን በብሔረሰብ፣ በሃይማኖትና በመደብ ሳይለዩ በእኩልነት የተካፈሉትን የወፍጮ ኮሚቴ አባላት ሁሉ ወክዬ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

ወለተ ሥላሴ
የካቲት ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

የረሳሁት ነገር፤ ሕፃኑ ወንድ ነው፣ ተርፏል። እያነከስኩም ቢሆን ወርጄ አየሁት፤ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ግንባሩ፣ ጆሮው፣ ሲቆጣ ከንፈሩን የሚያጣምመው ሳይቀር። ከፊት ከኋላው ገልብጬ ብፈልግ ማባዛት ይፈቀዳል የሚል ማኅተም አላገኘሁበትም። ዋናውን ጠይቀው ለማጣራት ከፈለጉ፣ ወልደአረጋይ የት ግንባር እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ለእኛ ከመስከረም ወዲህ አልጻፈልንም። ባለቤቱ እስኪታወቅ ሕፃኑም ይቆለፍበት የሚሉ ከሆነ ግን፣ እናቱ በወረደችበት ገደል፣ እናቱ ያዘለችውን ገብስ አዝለው በእግርዎ ይውረዱና ከራሷ እጅ ይቀበሉ።