በውሃ የታጠበው ባል

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን፣ ከቁርስ በፊት

እታለም፣ የኔ ሆድ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት ራሱ ያንሰኛል። ለምን እንደሆነ ግን ዘልዬ አልነግርሽም፣ በተራው ይመጣል። አንቺ መቼም ደብዳቤ የምታነቢው ከመጨረሻው ጀምረሽ ነው፤ እባክሽ ዛሬን ብቻ ታገሺኝ።

ለምርቃቴ የላክሽልኝ ስድስት የቀለም ብልቃጦች የመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል። በየጠዋቱ አንዱን መርጬ ብዕሬን እሞላና፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት ደብተሬ ላይ አንድ ገጽ እጽፋለሁ፤ ከላይ ቀኑንና የቀለሙን ስም። ብልቃጡ ላይ ያለውን ስም ትቼ የራሴን አውጥቼላቸዋለሁ። ቡናማው «ሻይ የፈሰሰበት» ነው፣ ወይን ጠጁ «የአክስቴ ሻሽ»፣ አረንጓዴው «የትምህርት ቤት በር»። ጉዱን ልንገርሽ? ቀለሙ ሲለወጥ ጸሐፊውም ይለወጣል! በቡናማው ስጽፍ እንደ ሽማግሌ እመክራለሁ። በቀዩ የጀመርኩት ሁሉ ጠብ ነው፤ አንድ ቀን ከአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ጋር እስከ ገጹ ግርጌ ስከራከር ሥራ አረፈድኩ። ልቤን የወሰደው ግን ጥቁር ሰማያዊው ነው። «ሊነጋ ሲል» አልኩት። ሲጻፍ ጥቁር ይመስላል፤ ሲደርቅ፣ ለሚያስተውለው ሰው፣ ዳር ዳሩ ወገግ ይላል።

ጣጣ ያመጣብኝም እሱው ነው።

የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ትናንት እንደሚያበቃ ታውቂያለሽ። ቃላችንም አይጠፋሽም፤ ካልቀጠሩኝ ሻንጣዬን ይዤ ወዳንቺ። ሥራዬ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በእጅ መጻፍ ነው፤ ሙሽሮች በማሽን የታተመ አይወዱም። የቢሮው ቀለም የማይለቅ ጥቁር ነው፣ ግን እንደ ሰነፍ በሬ ይጎተታል። ታዲያ ከወር በፊት አንድ ማክሰኞ ብዕሬን በ«ሊነጋ ሲል» እንደሞላሁ ገባሁና፣ ማን ያውቅብኛል ብዬ በእሱው ጻፍኩ። ሮብም ደገምኩት። ጽሑፌ እንዴት አማረ መሰለሽ!

በአሥረኛው ቀን አንዲት ሙሽራ ወረቀቷን እያውለበለበች ገባች። ባሏ ከኋላዋ።

«የኔ ስም ይኸው። የሱስ የታለ?»

ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጠውበት፣ የባልየው ስም ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል።

«ራሴን ነው ያገባሁት?»

«ኧረ እኔ አለሁ» አለ ባልየው ቀስ ብሎ።

«አንተ ዝም በል፤ ወረቀቱ ላይ የለህም!»

ማህተም የሚመቱት ሽማግሌ፣ ጋሼ ማህተም የምንላቸው፣ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጠረጴዛ ስር ገቡ። ለእኔ ሻንጣዬ ታየኝ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምሩቅ፣ ስንቱን ነው በዚህ የጻፍከው?»

ይቺን ብቻ ነው ብል ማን ያጋልጠኛል? ካልረጠበ በቀር ከቢሮው ቀለም የሚለየው የለም። እጄ ግን ቀደመኝና ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣ። የማክሰኞውም የሮቡም ገጽ «ሊነጋ ሲል» ይላል። ከመዝገቡ ጋር አመሳከርን፤ አሥራ ዘጠኝ ጋብቻ።

«አሥራ ዘጠኝ ትዳር ውሃ እስኪነካው እየጠበቀ ነው በለኛ!» አሉ ኃላፊያችን። «ሂድና አድናቸው።»

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ከጋሼ ማህተም ጋር፣ ማህተሙ በኮት ኪሳቸው፣ የማይለቀው የቢሮው ቀለም በእኔ ቦርሳ፣ ወረቀቶቹን እንደ አዲስ ልንጽፍ ቤት ለቤት ዞርን። የአብዛኛው ሰው ምላሽ ሳቅ ነበር። የመጨረሻው ቤት ግን ባልና ሚስት ተኳርፈው ደረስን። ነገሩን ሳስረዳ ሚስትየዋ እጇን አጣጥፋ ሰማችኝ።

«ስለዚህ ዛሬ ካልጻፍክ የሱ ስም ይለቃል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እህቴ።»

«ቆይ እስቲ፣ ላስብበት።»

ባልየው ከሶፋው ተነሳ። «ምን ይታሰባል?»

«ትናንት በሩን በላዬ ላይ ደርግመህ ስትወጣ አስበህ ነበር?»

ጋሼ ማህተም ወንበር ስበው ተደላድለው ተቀመጡ። «እኛ አንቸኩልም፣ ልጆቼ።»

ባልየው ወለል ወለሉን እያየ «ይቅርታ» አለ።

«ወለሉ ይቅር ብሎሃል» አለችው።

ቀና ብሎ ዓይኗን እያየ ደገመው። እሷም ወደኔ ዞረች። «ጻፍ እንግዲህ። ጠንከር አድርገህ ጻፍ!»

ትናንት ኃላፊያችን ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ፖስታ።

«ይሄ ማስጠንቀቂያህ ነው፤ ፋይልህ ውስጥ ይቀመጣል።»

«ያኛውስ?» አልኩ።

«የቅጥርህ ነው። የሚሳሳት ሰው ሞልቷል፤ ስህተቱን ከነቀኑ አውጥቶ የሰጠኝ ግን አንተ ነህ። ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ቀለም ሲገባ አንተ ሳትፈትነው አንድ ሙሽራ አይጻፍበትም።»

እታለም፣ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ሁለቱንም ፖስታ ሳምኳቸው፤ ማስጠንቀቂያውን ጭምር!

ትናንት ሁለቴ የደወልኩልሽ ይሄን ልነግርሽ ነበር። ሁለቴም ለእኔ ስላሰናዳሽው ክፍል ጀመርሽ፤ አልጋው እንደገባ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት ቀለም ቢሆን ደስ እንደሚለኝ። እኔም «መስመሩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁት።

መስመሩ ደህና ነበር።

መጋረጃውን አንቺ ደስ የሚልሽን አድርጊው። አልጋውን ግን እንዳትሸጪው፤ በዓመት ፈቃዴ እመጣለሁ። እስከዚያ ክፉ አይይሽ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ፣ ለእኔ የደከምሽው በእጥፍ ይመለስልሽ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ፣
ከትናንት ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ