ጠበል ጠጥታ ለኦፕራሲዮን ስለቀረበችው እናት

ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የሆስፒታላችን አስተዳዳሪ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ሙሉ ጤናና ጀርባዎ መርፌ የማያይበት ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት፣ ልጄ በሆዴ ተጋድሞ ስለተገኘ በኦፕራሲዮን እንድወልድ የታዘዝሁ ነኝ። ለፊደሌ ይቅርታዎን ለምኜ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በየማክሰኞው ለነፍሰ ጡሮች ስለሚሰጠው ትምህርት አመሰግናለሁ። ሆዳችንን ይዘን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመን፣ ስለ ሴቶች የትግል ድርሻ ከጓድ ካድሬው ተምረናል። ስለ መውለድ ልታስተምር የመጣችው ሲስተር አገርነሽ ጊዜው አልቆባት፣ በኦፕራሲዮን የምንወልድ እህል እንዳንቀምስ ብቻ ተናግራ ሮጠች። እሷን አልወቅሳትም፤ ለሰባ ሴት አንድ ናት።

፪. እኔም ባለፈው ሰኞ እህል ሳልቀምስ መጣሁ። ሆኖም የቄስ ልጅ ነኝና፣ ፍርሃቱም ስለባሰብኝ፣ እናቴ ወለተ ኪዳን ከደሴቱ ገዳም በታንኳ ያመጣችልኝን ጠበል እስኪበቃኝ ጠጣሁ። ጠበል እኮ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ! ከማደንዘዣ በፊት ውሃም ክልክል መሆኑን ያወቅሁት ሐኪሞቹ ከኦፕራሲዮኑ አልጋ ላይ ሲያወርዱኝ ነው። ድንቁርናዬን በበሽተኛው ሁሉ ፊት ጮኸው ስላስረዱኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለምን እንደሚከለከል ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ቀጠሮዬም ለከነገ ወዲያ ተዛወረ።

፫. የፈቃድ ወረቀቱን ባሌ አለበል ፈርሟል። መርፌው ጀርባዬን ይውጋኝ ክንዴን፣ ነቅቼ ልሁን ተኝቼ፣ የደነዘዘው እግሬ ይመለስ አይመለስ እሱም አያውቅ። ጎረቤቶቼ ግን ሁሉን ያውቃሉ፤ አንዷ ሽባ ትሆኛለሽ ትለኛለች፣ ሌላዋ ቢላዋው እየተሰማሽ መጮህ ያቅትሻል። ኧረ ጓድ፣ ፈራሁ! ልጄ በተላወሰ ቁጥር ይቅርታ እለዋለሁ።

እንግዲህ ሥራ ባላስፈታዎ፣ ሲስተር አገርነሽን ከነገ ወዲያ በፊት ለሩብ ሰዓት አጠገቤ ቢያስቀምጡልኝና አንድ በአንድ ብትነግረኝ፣ ውለታዎን አልረሳም።

ለአብዮቱ ታጋሽ፣ ለመርፌው ድንጉጥ፣ ለእርስዎ ታዛዥ የሆንሁት
የሺመቤት ወልደ ሐዋርያት

አብዮታዊት እናት አገር ወይም

ማስታወሻ፦ ከመፈክሩ መጨረሻ አንድ ቃል መጉደሉን አውቃለሁ። ከነገ ወዲያ ቢላዋ ሥር ስለምተኛ በገዛ እጄ መጻፉን ፈራሁ። ልጄን ታቅፌ ከወጣሁ መጥቼ እሞላዋለሁ፤ ካልወጣሁ እርስዎ ይሙሉት።