ቆብ ከመድፋትሽ በፊት

ይድረስ እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለትሩፋት፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ያ ብርድ ሲነካው የሚያብጠው ግራ ጉልበትሽ ስግደቱን ቻለልሽ ወይ? የገዳሙ ምንጭ ሩቅ ነው ብለሽኝ ነበር፣ አሁንም ውሃውን በጀርባሽ ነው የምታመጪው? እህሉስ ይበቃሻል? እንቅልፍስ ያስተኙሻል? ስልክሽን ለእመምኔቷ ባታስረክቢ ኖሮ ይሄን ሁሉ በአንድ ደቂቃ እጨርሰው ነበር። እኔ ተመስገን፣ እንደ በሬ ነኝ። አሶሳ ውስጥ ደባልቄ ሲባል የማያውቅ ሰው ካለ እሱ ትናንት ከመናኸሪያ የወረደ እንግዳ ነው።

እታለም፣ ኅዳር ላይ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ቅደጂው። ካልቀደድሽው እሳት ውስጥ ክተቺው። እማዬ ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ አንቺ አሥራ ስምንት። ደባልቄን ሰው ሳታደርጊ የትም እንዳትሄጂ ብላ አስማለችሽ። ለዚያ መሐላ ብለሽ የመጣውን ባል ሁሉ መለስሽ፣ ከሰፈራ መንደራችን አሶሳ ገበያ ድረስ ማንጎ ተሸክመሽ እየሄድሽ አሳደግሽኝ። ገዳም ከገባሽ እንኳ ሁለት ዓመት ሆኖሽ ቆብ ሊደፉልሽ ሲሉ፣ ወንድሜ ሂጂ ካላለኝ መሐላው አይፈታልኝም ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔስ ምን አልኩሽ? ገና ሰው አልሆንኩም፣ ነይ አልኩሽ። ሰው ማገልገል ሰልችቶሽ ነው እግዚአብሔር ጉያ የተሸጎጥሽው አልኩሽ። ያን ስጽፍ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቲቸር ኦሊያድ የሚባል ደንበኛ አለኝ። የወለጋ ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምራል፣ ጠዋት ጠዋት በባጃጄ የማደርሰው እኔ ነኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ከተማሪዎቹ አላንስም፤ አንተ የምትጠይቀኝን እነሱ ቢጠይቁኝ ብሎ ራሱ መስክሮልኛል። አንድ ቀን ያንቺን ነገር አንስቼ፣ ቲቸር፣ ጥሩ ኑሮ የቱ ነው አልኩት። የጥንት ግሪኮች በዚህ ብዙ ደክመዋል አለኝ። ሰው ከሰው መሀል ወጥቶ፣ ከከተማው ሥራና ፍርድ ርቆ ሙሉ ሰው አይሆንም ይላሉ አለኝ። ባጃጇን ጥግ አስይዤ አጨበጨብኩ። በቃ እህቴን ረታሁ አልኩት! ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ንዳ፣ ክፍል ረፈደብኝ አለና፣ እነዚያው ሰዎች ዞር ብለው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ኑሮ ተቀምጦ እውነትን ማየት ነው ይላሉ አለኝ። ታዲያ የቱን ያዙ ብለው፣ ሁለት ሺህ ዓመት አለፈው፣ ገና እየተከራከርን ነው አይለኝም! እኔ ግን አንቺን የምረታባትን ግማሿን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

ከጥር ወዲህ ደግሞ የባጃጅ ተራችን ተራ አስከባሪ ሆኛለሁ። ሰደርያ ለብሼ፣ ፊሽካ ነክሼ ስቆም ብታዪኝ! ቲቸር ሥልጣን የሚጓጓለት ሰው እጅ ሲገባ ነው የሚበላሸው ብሎ ወጋ አደረገኝ። እኔ ተለምኜ ነው አልኩት። ውሸቴን ነው፣ እየዞርኩ ምረጡኝ ስል ነው የከረምኩት። እንደተሾምኩ ሕግ አወጣሁ፤ ከሰልፍ የወጣ ወደ ጭራ፣ በቃ። ዓርብ ዓርብ እነሚፍታህ ለጁምዓ ይሄዳሉ። ሚፍታህን ታውቂዋለሽ፣ ያ የሆሞሻው የበርታ ልጅ፣ ባጃጅ መንዳት ያስተማረኝ። ሰግደው ሲመለሱ ወደ ጭራ እላቸዋለሁ። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም አንድ ሕግ ነው እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። እሑድ ሰልፉ የሚጀመረው እኛ አስቀድሰን ከመጣን በኋላ መሆኑ ለምን ትዝ እንዳላለኝ እንጃ። አንድ ዓርብ ሚፍታህ መጣና፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ሰውዬ ለአላህ ሄደ እንጂ ጠፋ እንዴ አለኝ። ፊሽካዬን ነፋሁበት።

መጋቢት ላይ ወባ ጣለችኝ። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ዓፊያ ባትኖር ይሄን ደብዳቤም አታገኚው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እየተንገዳገድኩ ተራው ጋ ስደርስ፣ ሰልፉ መሀል፣ በሁለት ባጃጅ መካከል አንዲት ጥቁር ድንጋይ ተቀምጣለች። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ሚፍታህ ወርዶ በእግሩ ይገፋታል። የማን ናት ብል ያንተ አሉኝ። ለካ ጠዋት ጠዋት ባጃጄ የምትቆምበት ላይ ያስቀምጣታል፤ ፊት ስትደርስ ሚፍታህ በእኔ ተራ ጭኖ ይሄዳል፣ ያገኘው ለእኔ መድኃኒትና ሾርባ ነው የሚውለው። ሾርባው ከየት እንደሚመጣ እትዬ ዓፊያ አልነገረችኝም። ማን ፈቀደ አልኩ፣ በዚያ በሞተ ድምፄ፣ ሕጉ እንዲህ አይልማ! ሚፍታህ ሳቀብኝ። ተራ አስከባሪ ታሞ ነበር፣ ማን ይቀጣል? ደግሞ ድንጋይ ከአንተ ይሻላል፣ ፊሽካ አይነፋም አለ። ሹፌሩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉም እያየኝ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ጠበቅኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኩ። እኔ፣ ደባልቄ! አሁን ጁምዓ ሲደርስ መንገዱ ዳር ድንጋይ በድንጋይ ይሆናል፤ እንግዳ ሰው ቤት ልንሠራ ይመስለዋል።

ያን ጊዜ ነው ያንቺ ነገር የገባኝ። ጥላኝ ሄደች፣ ከቤታችን ወጣች፣ በቃ ቦታዋን አጣች ስል ነው የከረምኩት። አንቺ ግን ለእግዚአብሔር ሄድሽ እንጂ አልጠፋሽም። ቦታሽን መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ፊሽካ ስነፋብሽ ከረምኩ።

አንድ ነገር ላይ ግን እግዚአብሔርንም ቢሆን እከራከረዋለሁ። ጸሎት ልጅ ከማሳደግ ይበልጣል ከተባለ አይዋጥልኝም። ትኩሳት ይዞኝ ሌሊቱን ስትቀመጪ፣ የራስሽን እንጎቻ ለእኔ ስታጎርሺ፣ ያኔም መነኩሲት ነበርሽ፤ ቆቡ ብቻ ነው የጎደለሽ። ይቺን ለእመምኔቷ አንብቢላቸው፣ መልስ ካላቸው ይላኩልኝ።

ስለዚህ ሂጂ። በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ ሂጂ። መሐላሽ ተፈቷል። እማዬ ሰው አድርጊው አለችሽ፣ አድርገሽኛል። ሆዴ አልባባም ብልሽ ግን ሐሰት ነው፤ ሰሞኑን ማንጎው ሲበስል በገበያው በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ቄሱ እንደነገሩኝ ቆብ ሲደፉልሽ እንደሞተ ሰው ፍትሐት ይነበብልሻል። ታዲያ እኔ ለቅሶ ልቀመጥ ወይስ ድግስ ልደግስ? ግራ ቢገባኝ ተራው ላይ ጠየቅኩ። ቲቸር ድግስ ነው አለ፣ እትዬ ዓፊያ ኧረ ለቅሶ ነው ብላ ተቆጣች። የፈረደው ሚፍታህ ነው፤ ጠዋት አልቅስ፣ ከሰዓት እንበላለን አለ። እንደዚያው ተስማምተናል። ቆብ በሚደፉልሽ ቀን፣ ግንቦት ሃያ አንድ፣ ጠዋት ለብቻዬ አለቅሳለሁ፣ ከሰዓት ሹፌሩ ሁሉ ይመጣል። የማንም ሥጋ ማንንም እንዳያስቀይም ሽሮና ማንጎ ይሁን ብለናል።

እመምኔቷን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ተከራካሪ ነው ብለው እንዳይረግሙኝ። ከጎንሽ የሚተኙትን ዓይነ ስውሯን እማሆይ በጸሎት ያስቡኝ ብሏል በያቸው። ወጥ ቤት ላሉት እህቶች ሁሉ ሰላም በይልኝ። እትዬ ዓፊያ ያደረቀችው ባሚያ ደብዳቤውን በሚያደርሱልሽ ቄስ እጅ አለ፤ የጾም ምግብ ነው፣ ብይው። ሚፍታህ ሰላም ብሎሻል፣ ቲቸርም እንዲሁ።

ስምሽም ይቀየራል አሉ። አዲሱን ስምሽን ቶሎ ጽፈሽ ላኪልኝ። አንቺን እማሆይ ብሎ መጥራት አፌን አስቸግሮታል፤ ተሳፋሪ አውርጄ ባዶዬን ስመለስ ጮክ ብዬ እየጠራሁ እለማመደዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ ደባልቄ
አሶሳ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.