ሁለተኛው ፉርጎ፣ አራተኛው መስኮት

ውድ እትዬ ማርታ፣

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ግን ሰላም ለማለት የሚያበቃ ሥራ ስላልሠራሁ ከጥፋቴ ልጀምር። እኔ ጉልላት ነኝ፣ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ያለው የፎቶ ቤት ባለቤት። መጋቢት ላይ ሁለት ጊዜ ከይርጋለም ድረስ መጥተው የልጅዎን የፊልሞንን ጉርድ ፎቶ ሲጠይቁኝ «ያልተወሰደ ፎቶ ሦስት ወር ሲሞላው እናቃጥላለን» ያልኩዎት ሰውዬ። ውሸቴን ነው። በሕይወቴ አንድም ፎቶ አቃጥዬ አላውቅም። እርስዎ ሲጠይቁኝ ፎቶው ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እጅዎን ቢዘረጉ ይነኩት ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሰጠችዎት ሴት ባለቤቴ ጫልቱ ናት። የያዘችውን ካርቶን ከመክፈትዎ በፊት እባክዎ መነጽርዎን አድርገው ይህን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ነው። እኔ ያደግኩት አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፤ አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። ሐዋሳ ደግሞ እንደሚያውቁት ሐይቅ እንጂ ባቡር የላትም። አምና አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሊመለስ የቤት ዕቃውን ሲሸጥ፣ እኔና ጫልቱ አልጋ ልናይ ሄደን ባቡር ይዘን ተመለስን። ጫልቱ ይህን እስከ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ትናገራለች። መጫወቻ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፤ አንድ ሞተርና ሦስት ፉርጎ፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ። ፎቶ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ፉርጎዎቹ ባዶና ጨለማ ነበሩ። እኔ በልጅነቴ የማውቀው ባቡር በየመስኮቱ ሰው ያለበት፣ እጅ የሚያውለበልብበት ነው። ስለዚህ መብራትና ተሳፋሪ ላስገባለት ተነሳሁ።

ፉርጎ መፍታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሥር አራት ብሎኖች አሉ፤ እነሱ ሲወጡ ጣሪያው የሚለቅ ይመስላል፣ ግን በየጎኑ ትናንሽ ጥርሶች ይዘውታል። በመጀመሪያው ፉርጎ ቸኩዬ ሁለት ጥርስ ሰበርኩ። ከዚያ በኋላ አሮጌ የኤቲኤም ካርድ በስንጥቁ እያስገባሁ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ተማርኩ። የገና በዓል ካለፈ በኋላ ከጌጥ መብራቱ ትናንሾቹን አምፖሎች ቆርጬ ጣሪያው ሥር ደረደርኳቸው፣ የየፉርጎውን ባትሪ መጨረሻው ክፍል ውስጥ ደበቅኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከወለሉ ሥር አደረግኩ። መብራቱ መጣ። ተሳፋሪ ግን ከየት ይምጣ? ከእንጨት ጠርቤ ሞከርኩ፤ ጫልቱ አይታ «እነዚህ የልብስ መቆንጠጫዎች የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

ያኔ ነው መሳቢያው ትዝ ያለኝ። ማንኛውም ፎቶ ቤት እንዲህ ያለ መሳቢያ አለው። ሰው ጉርድ ፎቶ ይነሳል፣ ዓርብ እወስዳለሁ ይላል፣ ሳይመጣ ይቀራል። አንዱ የፈለገው ሥራ ቀርቶበት ነው፣ አንዷ ፎቶዋን ጠልታው ነው፣ አንዱ ከተማ ለቆ ነው። ፖስታው ላይ ስምና ስልክ እጽፋለሁ፤ ደውዬ ግን አላውቅም። አንዱን ፎቶ አውጥቼ መስኮቱ ላይ ብለካው ፊቱ ልክክ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል። ማንም ያልፈለጋቸውን ሰዎች ወንበር ሰጠኋቸው እያልኩ ራሴን ሳሞግስ ከረምኩ፣ እትዬ ማርታ።

የፊልሞን ፎቶ አራት ነበር። ስሙን አላየሁም፤ ፖስታውን ገልብጬ ፎቶውን ብቻ ነው የወሰድኩት። የመረጥኩት ስለሚስቅ ነው። በጉርድ ፎቶ የሚስቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስላል። አንደኛው ላይ ሱፐር ግሉ አብዝቼበት ፊቱ ነጭ ሆነ። ሁለተኛውን አጥብቤ ቆረጥኩት። የቀሩትን ሁለቱን በሁለተኛው ፉርጎ አራተኛው መስኮት ላይ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ በኩል አጣበቅኳቸው፤ ባቡሩን ከየትኛውም ጎን ያየ ሰው እንዲያየው ብዬ።

ከዚያ እርስዎ መጡ። መብራቱ እንደበራ ነበር።

«ልጄ እዚህ ፎቶ ተነስቶ ነበር» አሉኝ። «ጓደኛው ነው የነገረኝ። ፊልሞን ይባላል። ረጅም ነው፤ ባጃጅ ሊነዳ ነበር።»

«ራሱ ለምን አልመጣም?» አልኩዎት፣ ቀና ሳልል።

«ጥቅምት ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ስልኩም አብሮ ደቀቀ። ትንሽ ሆኖ የተነሳው አለኝ፤ ትልቅ ሆኖ ግን የለኝም።»

ቀና ስል ፊትዎን አየሁ፤ ፊቱን አየሁት። ያ አገጭ የእርስዎ ነው። እጄ ወደ ኋላ ሄዶ የሁለተኛውን ፉርጎ መብራት አጠፋው። አፌ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እንደገና እንዳላትመው ደግሞ የካቲት ላይ ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገብቶበት ሁሉም ነገር ጠፍቷል፤ እሱን የነገርኩዎት እውነት ነው። ከነገርኩዎት እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው።

እርስዎ እንደሄዱ መሳቢያውን ገልብጬ ባዶ ፖስታውን ፈለግኩት። በራሴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ፊልሞን። የሚስቀው ለእናቱ።» ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። መስከረም ላይ ለመንጃ ፈቃድ ሊነሳ መጥቶ ትከሻው አልረጋ አለኝና «ኮስተር በል፤ ትራፊክ ያስቆመህ አስመስል» አልኩት። በሳቅ ፈነዳ። ያኔ ነው ያነሳሁት። ሳሳየው «ይሄ ለመንጃ ፈቃድ አይሆንም» አልኩት። «አውቃለሁ፤ ይሄን ለእማዬ እጠበው። ፎቶ ላይ ስቄ አታውቅም ትለኛለች። ለመንጃ ፈቃዱ ሌላ ቀን ኮስተር ብዬ እመጣለሁ» ብሎኝ ሄደ። ስለዚህ ያጣበቅኩት ማንም ያልፈለገውን ፎቶ አልነበረም። የእርስዎን ነው።

ይህን እያወቅኩ ነው በሁለተኛው ሳምንት ሲመጡ ደግሜ የዋሸሁዎት። አቮካዶ ይዘው መጡ። «በፍለጋ አድክሜህ ነው፤ ለልጆች» አሉኝ። ባቡሩንም አዩት። «መነጽሬን ረስቼ ነው እንጂ ደስ ይላል። ሰው ሞልቶታል» አሉኝ።

አቮካዶውን መብላት አቃተኝ። ጫልቱ ምን ሆንክ ብትለኝ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋችው።

«እና ሴትየዋ አመስግናህ ሄደች?»

«አዎ።»

«ያንን ፕላስቲክ ባቡር ብትሰብረው ምን ትሆን ነበር?»

አፍሬ ነው ልላት ፈለግኩ፤ የሞተ ልጅዎን መጫወቻ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ ብሎ ለእናት መንገር ከባድ ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ለባቡሩም ሳስቼ ነበር።

በማግስቱ ጣሪያውን ከፈትኩ። መጀመሪያ በራሴ ፎቶ ሞከርኩ፤ ትኬት ቆራጭ ነህ ብዬ መጀመሪያው ፉርጎ በር ላይ ለጥፌው ነበር። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠብ ባደርግበት ሙጫው ሳይላቀቅ ፊቴ ተልጦ ወጣ። ፊልሞን ላይ ይህን ማድረግ አልቻልኩም። ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ፎቶውን መስኮቱ ላይ እንዳለ በካሜራ አነሳሁት፣ የመስኮቱን ጥላ አጥፍቼ አሳደግኩት፣ ፖስታ ውስጥ አስገብቼ «ፈልገን አገኘነው» ብዬ ጻፍኩበት። ጫልቱ ጽሑፉን አነበበችና «ሦስተኛ ውሸት» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፎቶውን አውጥቼ ፖስታውን ቀደድኩት፤ ደብዳቤውን መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ፎቷቸው መሳቢያው ውስጥ ለቀረ ሁሉ መደወል ጀምሬያለሁ። አንዳንዶቹ ሰደቡኝ፣ ልክ ናቸው። ከፊልሞን አጠገብ ሦስተኛው መስኮት ላይ ያሉት ሽማግሌ ጋሽ ደበሌ ይባላሉ፤ እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ነው የሚኖሩት። መጥተው አይተው ሳቁ። የልጅዎን ነገር ስነግራቸው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔን አትንቀለኝ፤ ልጁ ብቻውን አይሂድ» አሉኝ። የሌሎቹንም ፈቃድ ጠይቄ ነው ፉርጎውን ከነሰዎቹ የላክሁት።

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ነገር ያገኛሉ። ያሳደግኩት ፎቶ በመስታወት ተገጥሟል። ሌላው ሁለተኛው ፉርጎ ነው፤ ልጅዎ የሰጠዎት ፎቶ እሱ ውስጥ ስላለ ከእኔ ዘንድ ሊቀመጥ አይገባም። ሊሰብሩት ከፈለጉም የእርስዎ ነው። ራሴ ያላመጣሁት ፊትዎን ፈርቼ ነው። ከጠሩኝ ግን በዚያው ቀን እመጣለሁ፤ ስልኬን ጫልቱ ትሰጥዎታለች። ባትሪው ሁለት ወር አይቆይም። እኔን ማየት ካልፈለጉ እሷ መጥታ ትቀይርልዎታለች፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ያ መብራት ባትሪ አያጣም።

ማብሪያ ማጥፊያው ከወለሉ ሥር በስተቀኝ ነው፤ ትንሽ ጥቁር ነገር፣ በጥፍር ወደ ፊት ይገፋል። ያን ቀን ከጀርባዬ ያጠፋሁብዎት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። እንደጠፋ ነው የላክሁልዎት፤ የሚያበሩት እርስዎ ነዎት።

ልጅዎን ያሳቅኩት፣ ፎቶውን የከለከልኩዎት፣
ጉልላት
ሐዋሳ፣ ሚያዝያ