ወሬውን ያወጣው ኮምፒውተሬ እንጂ እኔ አይደለሁም

ለተጠቃሚዎች አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት
ለኮምፒውተር ምርመራ ክፍል ክቡር ኃላፊ

ቀን፦ ሰኞ፣ ወሩ በገባ በስድስተኛው ቀን

ጉዳዩ፦ በቤት ኮምፒውተሬ ላይ የተሰጠው የምርመራ ውጤት ተሽሮ፣ የሰው ሚስጥር ያወጣው መሣሪያው እንጂ እኔ አለመሆኔ በማህተም እንዲረጋገጥልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በቤቴ የፊት ክፍል ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩ ነኝ። ከወንድሙ የተካሰሰው፣ ትዳሯን የምትፈታው፣ አለቃውን የሚከሰው፣ ሁሉም ሆዱን የሚያራግፈው እኔ ፊት ነው። አንዲት ቃል ከክፍሌ ወጥታ አታውቅም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባልኩ ስላደግኩ፣ ማን መጥቶ ምን እንዳለኝ ለባለቤቴ እንኳን አልነግራትም። እርሷም ጠይቃኝ አታውቅም። ለምን እንደማትጠይቀኝ አስቤበት አላውቅም።

2. የጽሕፈት መኪናዬን ትቼ ኮምፒውተር የገዛሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ባለፈው ዓመት ታዲያ አንድ ጠዋት ከስክሪኑ መሃል ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሎ፣ በመሣሪያዬ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰላዮች እንደተሸሸጉ ነገረኝ። ክው አልኩ። ስልክ በመጠገን የሚተዳደረው የባለቤቴ ወንድም ሲሰማ መጣና አንዲት ጸረ-ስለላ ፕሮግራም ጫነልኝ። ግራጫ፣ ትንሽ፣ ድምፅ የሌላት ነገር ነበረች። ቀኑን ሙሉ ጥጓን ይዛ ቁጭ ነው። ማህተም የላትም። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ እንዳልሆነ ለሰው ሁሉ የማስተምር ሰው፣ ማህተም የሌላት ዘበኛ እንዴት አድርጌ ልቅጠር? በማግስቱ አሰናበትኳት።

3. በምትኳ የመረጥኩት ያንኑ ቀይ ማስጠንቀቂያ የላከልኝን ፕሮግራም ነው። ክብ ማህተም ነበረው፤ በማህተሙ መሃል ንስር፣ በንስሩ ሥር ፊርማ፣ በፊርማው ሥር «ፍጹም ታማኝ» የሚል ጽሑፍ። ጠዋት ስከፍተው ዛሬ አሥራ ሰባት ያዝኩ፣ ዛሬ ሃያ ሦስት ያዝኩ እያለ ሪፖርት ያቀርብልኛል። ባለቤቴ ስለ ራሱ ራሱ የሚመሰክር ዘበኛ አይጥመኝም ብላ ነበር። ወንድሟም፣ ሌባው ራሱ በር አንኳኩቶ ቤትህ ሌባ ገብቷል ቢልህ ቁልፍ ትሰጠዋለህ ወይ ብሎ ስቆብኛል። እኔ ግን ከማህተም ጋር ክርክር አልገጥምም።

4. ከሦስት ወር በፊት ጎረቤቴ የሆነች ጥልፍ ሠራተኛ መጣች። አሥራ አራት ሴቶች የሚሠሩበት የጥልፍ ቤት የፊት በሩ በጨርቅ ጥቅል ተዘግቷል፤ የኋላውን በር ደግሞ ኃላፊው ጠዋት ቆልፎ ሥራ ሲያልቅ ይከፍተዋል። እሳት ቢነሳ መውጫ የለም። ለሥራ ደህንነት ክፍል እንድጽፍላት ለመነችኝ፤ ነገሩ እንዳይወጣ ሦስት ጊዜ አደራ አለችኝ። ጻፍኩላት። በዕድሜዬ ከጻፍኳቸው ሁሉ የምኮራበት ደብዳቤ ነው፤ በተለይ «ቁልፉ በእሱ ኪስ፣ ነፍሳችን በእሱ እጅ» የምትለዋ ቦታ። በማግስቱ ደብዳቤው ገና ከቦርሳዋ ሳይወጣ፣ ኃላፊው በሴቶቹ ሁሉ ፊት ያችኑ ቃል ሳያዛንፍ ጠርቶ ሳቀባት። ከጥልፉ አንስቶም ክር ጠራጊ አደረጋት። ደብዳቤውን ፈርታ ቀደደችው፤ በሩ ዛሬም ይቆለፋል። እኔ ዘንድ መጥታ «ጋሼ፣ ለማን ነው የሰጡት?» ብቻ ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን እያየች ታልፋለች። ክቡር ሆይ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

5. ጥፋተኛውን ለማጋለጥ ስል ባለ ማህተሙን የሚጠብቅ ሁለተኛ ጸረ-ስለላ ፕሮግራም ጫንኩ። ሁለተኛው አንደኛውን ሰላይ ነው አለው፤ አንደኛውም ሁለተኛውን። ለገላጋይነት ሦስተኛ ባመጣ ሁለቱንም ከሶ ራሱን አመሰገነ። ኮምፒውተሩ በሦስት ዘበኞች ተጨናንቆ፣ «ክቡር» የምትለዋን ቃል ጽፌ ስክሪኑ ላይ እስክትታይ መነጽሬን አውልቄ እጠርግ ነበር። በመጨረሻ ለክፍላችሁ አስረከብኩት። ባለሙያዎ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ባወጡት ውጤት ሰላዩ ባለ ማህተሙ ፕሮግራም ራሱ ነው ይላሉ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነውና ይህን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ሲሰልል የኖረው የምንከፍታቸውን ድረ ገጾች ብቻ ነው፤ የሚያቀብለውም ለነጋዴዎች ነው ብለዋል። ባለቤቴ ስለ ጉልበቷ ሕመም አንድ ጊዜ ብትፈልግ ስክሪናችን በቅባት ማስታወቂያ የተጥለቀለቀው ለካ በዚህ ነው። ደብዳቤዎቼን ግን አልነካም ብለው ደምድመዋል። ከውጤቱ ሥር በእጃቸው ጽሑፍ፣ ያቺን ግራጫዋን ባይነኳት ጥሩ ነበር የሚል ምክር ጨምረዋል፤ ምክሩ ማህተም የለውም።

6. ውጤቱን የምቃወመው ስለሚከተለው ነው። ደብዳቤው በተጻፈበት ዕለት በክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእርሷ በቀር ማንም አልነበረም። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬያለሁ። ሥራዬንም እንደ ልማዴ ነው የሠራሁት፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነባለሁ፣ አንዴ ለጆሮዬ፣ አንዴ ለባለጉዳዩ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ የማያምር ቃል ቢሮ ገብቶም አያምርም። መስኮቱ ለብርሃን ተከፍቶ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር ግን ከልብስ ተኳሹ በቀር ማንም የለም። እሱም ከካውያው ቀና የማይል ጭምት ሰው ነው። እንዲያውም በዚያን ዕለት፣ ሥራዬን ላለመረበሽ ይመስለኛል፣ ካውያውን አቁሞ ጸጥ ብሎልኝ ነበር። የጥልፍ ቤቱ ኃላፊም ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ሊወስድ እዚያ ድረስ ይመጣል እንጂ፣ ወደ እኔ ክፍል እግሩ ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ ሰላይ ካለ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

7. ክቡር ሆይ፣ ኮምፒውተሬ እናንተ ዘንድ ስለሆነ ይህን የምጽፈው በድሮዋ የጽሕፈት መኪናዬ ነው፤ እሷ ደግሞ አንዴ የጻፈችውን አታጠፋም። ተራ ቁጥር 6ን ጨርሼ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ከልብስ ተኳሹ በቀር» የሚለው ላይ ስደርስ ከታች የካውያው ድምፅ ቆመ።

ከዚያ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» አለችኝ፤ ስሠራ ዘግቼው አላውቅማ። ለምን እንደማትጠይቀኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሁሉንም ስትሰማ ኖራለች፤ ልዩነቱ እርሷ ለማንም አለመናገሯ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ለኮምፒውተሬ ሦስት ዘበኛ ስቀጥር ለአፌ አንድም አልቀጠርኩለትም። አፈርኩ፣ ክቡር ሆይ። በጣም አፈርኩ።

8. ስለዚህ በጉዳዩ ሥር የጠየቅኩት እንዲሰረዝልኝ፣ ባለሙያዎን በመጠራጠሬ ይቅርታ እንዲደረግልኝ፣ ኮምፒውተሬም ሦስቱ ዘበኞች ተባረው ግራጫዋ ተጭናበት እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ። የጥልፍ ቤቱን በር የሚከስ አጭር ማመልከቻ በራሴ ስም ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ የእርሷ ስም የለበትም፤ ስጽፈውም ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም። ጉዳዩ የእናንተ ክፍል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አሥራ አራት ሴቶች ዛሬም ውስጥ ናቸውና ለሚመለከተው ዛሬውኑ እንዲመራልኝ እለምናለሁ። በማህተም የተረጋገጠ ወረቀት ይዤ ጎረቤቴ ደጃፍ ልቆም አስቤ ነበር። አሁን ያለ ማህተም እሄዳለሁ፤ ለማን ሰጡት ላለችኝም መልሱን ራሴ እነግራታለሁ።

ዝቅ ካለ ድምፅና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ማመልከቻ ጸሐፊው

ግልባጭ፦
— ለልብስ ተኳሹ፤ እስከ ተራ ቁጥር 6 አስቀድሞ ስለሰማ አይላክለትም
— ለጥልፍ ሠራተኛዋ፤ በእጅ የሚደርሳት፣ መስኮት ተዘግቶ ቀስ ተብሎ የሚነበብላት